ነቅቼ 95፣ ተኝቼ 74፦ የደም ኦክሲጅንን ቤት ውስጥ ስለመከታተል

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል እዚሁ ጅማ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ ክሊኒክ ሄድሁ። ጠዋት ጠዋት ራሴን ያመኝ ነበር፤ ሌሊት አራት ጊዜ ለሽንት እነሣለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት እያረምሁ እስክሪብቶው ከእጄ ይወድቃል። ስኳሬ ተለካና ደኅና ሆኖ ተገኘ። የደም ግፊቴ ግን ሦስት ዓይነት መድኃኒት እየወሰድሁም አልወርድ ብሎ ነበር። አብራኝ የመጣችው ባለቤቴ «ሌሊት ትንፋሹ ይጠፋል» ብላ ስትናገር፣ የጤና ባለሙያው የደም ኦክሲጅን የምትለካውን ትንሿን መለኪያ አምጥቶ ጠቋሚ ጣቴ ላይ አደረገና ጥቂት ጠብቆ «95 በመቶ ነው፤ ኦክሲጅንዎ ምንም አልሆነም፣ ዕረፍት ያድርጉ» አለኝ። ቁጥሩ ትክክል ነበር። ስሕተቱ የተለካበት ሰዓት ነው፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ወንበር ላይ ተቀምጦ እያወራ የተለካ ሰው፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በጀርባው ተኝቶ ደሙ ምን ያህል ኦክሲጅን እንደሚይዝ ከዚያ ቁጥር ሊያውቅ አይችልም። እኔ ግን በዚያ 95 ተማምኜ አንድ ዓመት ያህል ተቀመጥሁ። በእንቅልፍ ላይ ስለሚቋረጥ ትንፋሽ ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም በተመሳሳይ ቁጥር ተጽናንቶ የተቀመጠ ሌላ ሰው ይኖራል ብዬ ስለማስብ ነው።

ጉዳዩን ከእኔ ይልቅ በቅርብ ታውቀው የነበረችው ባለቤቴ ናት። ማንኮራፋቴን ለዓመታት ታግሣዋለች፤ የሚያስፈራት ማንኮራፋቱ ሳይሆን በድንገት ጸጥ የሚልበት ጊዜ ነበር። «ሆድህና ደረትህ ይንቀሳቀሳሉ፣ አየር ግን አይገባም፤ ከዚያ ውኃ ውስጥ ቆይቶ ብቅ እንዳለ ሰው ትንፍስ ትላለህ» ትለኝ ነበር። እኔ ራሴ የማስታውሰው የደረቀ አፌንና የከበደ ራሴን ብቻ ነው። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ነገሩን ከእርሷ ሲሰሙ «ዱካክ ነው ልጄ፣ ተኝቶ ሳለ ይጫነዋል» አሏት። አባባላቸውን አልንቅም፤ ነገር ግን ዱካክ የምንለው፣ ሰው ነቅቶ ሳለ አካሉ አልታዘዝ ሲለውና ደረቱ ላይ አንዳች ነገር የተቀመጠ ሲመስለው የሚሰማው ጭንቀት ነው። በእንቅልፍ ላይ ትንፋሹ የሚቋረጥበት ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ መታፈኑን እንኳ አያውቅም፤ የሚያውቀው አጠገቡ የተኛው ሰው ነው። ስለዚህ የትዳር ጓደኛ፣ የልጅ ወይም አብሮ የሚያድር ዘመድ ምስክርነት ለሐኪም ከሚቀርበው መረጃ ሁሉ ቀዳሚው ነው።

እንቅልፍ ሲወስደን የጉሮሮ ጡንቻዎች ይላላሉ። በአንዳንዶቻችን ላይ ምላስና የላንቃው ለስላሳ ክፍል ወደ ኋላ ያዘነብሉና የአየሩን መተላለፊያ ያጠቡታል ወይም ጨርሰው ይዘጉታል። መዘጋቱ 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከቆየ እንደ አንድ የትንፋሽ መቋረጥ ይቆጠራል። በደም ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ሲያንስ አንጎል ሰውየውን ለአፍታ ያነቃዋል፣ ጉሮሮው ይከፈታል፣ እንደገና ይተኛል፣ እንደገና ይዘጋል። ይህ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ5 ጊዜ በታች ከደረሰ ለአዋቂ ሰው እንደ ችግር አይታይም፤ ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ 30ና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። ሌሊት ለሽንት መመላለሱም ሆነ ግፊቱ ለመድኃኒት አልበገር ማለቱ ከዚሁ ጋር ሊያያዝ እንደሚችል የተረዳሁት በጣም ዘግይቼ ነው።

በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ለእናቴ የገዛናት የጣት መለኪያ መሳቢያ ውስጥ ተረስታ ነበር። አንድ ሌሊት ባለቤቴ እርሷን ጣቴ ላይ አድርጋ፣ የስልኳን መብራት በጨርቅ ከልላ፣ የልጃችንን የድሮ ደብተር ይዛ አንድ ሰዓት ያህል ስትጠብቀኝ አመሸች። ጠዋት የሰጠችኝ ገጽ እስከ ዛሬ አለ። 94፣ 93፣ 88፣ 83፣ 81፣ ከዚያ ወዲያው 93፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ያው መውረድ። «አንድ ያልገባኝ ነገር አለ» አለችኝ፤ «ትንፋሽህ ሲቆም ቁጥሩ ደኅና ነው፤ የሚወርደው ትንፋሽህ ከተመለሰ በኋላ ነው።» መጀመሪያ መለኪያዋ ተበላሽታለች ብለን ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፦ ኦክሲጅን ያነሰው ደም ከሳንባ ተነሥቶ በልብ በኩል አልፎ ጣት ጫፍ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል፤ መሣሪያውም ራሱ የጥቂት ሰከንዶችን ልኬት አማካይ አድርጎ ስለሚያሳይ መዘግየቱ ይጨምራል። በእኔ ላይ ልዩነቱ ወደ ግማሽ ደቂቃ ይጠጋ ነበር። ስለዚህ የተኛ ሰው አጠገብ ተቀምጣችሁ ቁጥሩን ከትንፋሹ ጋር ስታነጻጽሩ የሚታያችሁ ቁጥር የአሁኑን ትንፋሽ ሳይሆን ያለፈውን የሚናገር መሆኑን አትርሱ።

ፊዚክስ አስተማሪ ስለሆንሁ መሣሪያዋን ሳልፈታታ መተው አልሆነልኝም (መፍታቱን ልጆቼ አልወደዱትም)። በአንድ በኩል ሁለት ትንንሽ መብራቶች አሉ፤ አንዱ የሞገድ ርዝመቱ 660 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ ቀይ ብርሃን ይሰጣል፣ ሌላው 940 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ፣ ዓይናችን የማያየው ኢንፍራሬድ ነው። በሌላው በኩል ብርሃን ተቀባይ አለ። ኦክሲጅን የያዘ ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመው ነገር) ከኢንፍራሬዱ ብዙ ይመጥጣል፣ ቀዩን ያሳልፋል፤ ኦክሲጅን የሌለው በተቃራኒው ነው። ጣታችን ውስጥ ግን ደም ብቻ ሳይሆን ቆዳም፣ ሥጋም፣ አጥንትም አለ። መሣሪያው ከእነዚህ መካከል የደም ቧንቧውን ደም ለይቶ የሚያውቀው ከልብ ምት ጋር የሚለዋወጠውን ብርሃን ብቻ እየቆጠረ ነው። ይህን ብልኃት በ1974 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ታኩዎ አኦያጊ የሚባል ጃፓናዊ መሐንዲስ ነበር። ሁሉም በልብ ምት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ምቱ ለመሣሪያው በደንብ ካልደረሰው ቁጥሩ ሐሰት ይሆናል።

ከዚህ የሚከተሉ ነገሮች አሉ፤ አብዛኞቹን በራሴ ቤት አይቻቸዋለሁ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ጣቴ ስለሚበርድ ቁጥሩ ይዘልላል፤ እጅን በሙቅ ውኃ ታጥቦ አድርቆ፣ ከብርድ ልብሱ በታች አድርጎ መተኛት ይረዳል። ባለቤቴ በአንድ ሠርግ ሰሞን በሂና ባጌጠ ጣቷ ላይ ብትሞክረው መሣሪያው መጀመሪያ ዝም አለ፣ ቀጥሎም የማይታመን ቁጥር አሳየ፤ እንሶስላ የሞቀ ወይም ጠቆር ያለ የጥፍር ቀለም የተቀባ ጣትም ስለሚያጠራጥር ካልተቀባ ጣት ጋር አነጻጽሮ ማየት ይሻላል። የቆዳ ቀለምም ጉዳይ አለው። በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ባሳየባቸው ልኬቶች ላይ ከደም ቧንቧ በተቀዳ ደም የተገኘው እውነተኛ የኦክሲጅን መጠን ከ88 በመቶ በታች የሆነው በጥቁር ሕሙማን ላይ 11.7 በመቶ፣ በነጮች ላይ 3.6 በመቶ ጊዜ መሆኑን አሳይቷል። ለእኛ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ መሣሪያው ሲሳሳት ከእውነቱ የተሻለ ቁጥር ሊነግረን ይችላል። ስለዚህ አንዲትን ቁጥር ከመያዝ ይልቅ ሌሊቱን ሙሉ የሚታየውን መውረድና መውጣት መከታተል ይሻላል።

አንድ ሌላ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። በክረምት ቡና ተፈልቶ ካበቃ በኋላ ፍሙ ያለበትን የከሰል ምድጃ መኝታ ቤት ማስገባት በሰፈራችን የተለመደ ነው። ከሰል ከሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሚባል መርዛማ ጋዝ ጋር የተጣበቀ ሄሞግሎቢን ለዚህ መሣሪያ ኦክሲጅን የያዘ ይመስለዋል። በከሰል ጭስ እየታፈነ ያለ ሰው ጣቱ ላይ 98 ሊነበብ ይችላል። መለኪያው ደኅና አለ ብሎ ማንም ፍም ይዞ እንዳይተኛ።

ከፍታም አለ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ስለዚህ በውጭ አገር የተጻፉ መመሪያዎች ላይ የምናየው ቁጥር ከእኛ ጋር ልክ ላይገጥም ይችላል። እኔ ነቅቼ፣ ዐርፌ፣ ጅማ ላይ 95 ወይም 96 ነኝ፤ አዲስ አበባ ስሄድ 93 ሲሆን አይቻለሁ፤ ያችም ከተማ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አልደነገጥሁም። ሰው መጀመሪያ የራሱን መነሻ ማወቅ አለበት። ለሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ፣ ተቀምጬ፣ አምስት ደቂቃ ዐርፌ እየለካሁ ጻፍሁ፤ ሌሊቱን የምመዝነው ከዚያ መነሻ አንጻር ነው። ለምን 90 በመቶ እንደ ወሰን እንደሚታይ ለተማሪዎቼ ሳስረዳ የአዲስ አበባውን መንገድ ምሳሌ አደርጋለሁ። ከ100 እስከ 90 ያለው ሜዳው ነው፤ በሳንባ ያለው ኦክሲጅን በመጠኑ ቢቀንስም ቁጥሩ ብዙ አይንቀሳቀስም። ከ90 በታች ያለው ግን የጊቤ ቁልቁለት ነው፤ ትንሽ ተጨማሪ መቀነስ ቁጥሩን ይዞት ይወርዳል።

የጣት መለኪያዋ ጥርጣሬያችንን ካረጋገጠች በኋላ ሥራዋ አበቃ። ልኬቱን አትመዘግብም፣ ከጣት ትወልቃለች፣ ባትሪዋ ያልቃል፤ ባለቤቴም ሌሊቱን ሁሉ ነቅታ ልትጠብቀኝ አትችልም። እጅ ላይ የሚታሰሩ ዘመናዊ ሰዓቶችን የሚጠቀሙ ሰዎችም አውቃለሁ፤ ብዙዎቹ ሌሊቱን የሚለኩት አልፎ አልፎ ስለሆነ በሰከንዶች የሚቆጠረውን መውረድ ላያዩት ይችላሉ። የሚያስፈልገው በየጥቂት ሰከንዱ እየለካ ሌሊቱን በሙሉ የሚመዘግብ መሣሪያ ነው። የእህቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ ያመጣልኝ አንጓ ላይ የሚታሰርና በቀጭን ሽቦ ከጣት ጋር የሚገናኝ ነው፤ ጠዋት ምዝገባውን ወደ ስልክ ይልካል።

የመጀመሪያውን ሳምንት ምዝገባ ለማበላሸት የበቃሁት በሰዓት ነው። ባለቤቴ በደብተሯ «ዘጠኝ ከሩብ ላይ በጣም ታፈነ» ብላ ስትጽፍ እኔ በምዝገባው ላይ ዘጠኝ ከሩብን እየፈለግሁ፣ ገና ምሽት ላይ ተቀምጬ ቴሌቪዥን የማይበትን ጸጥ ያለ መስመር አገኝ ነበር። መሣሪያው የሚሠራው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ የእርሷ ዘጠኝ ከሩብ በመሣሪያው ሦስት ከሩብ ነው። ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከዚያ ወዲህ በደብተሩ ላይ ሁለቱንም እንጽፋለን፤ ሐኪም ፊትም ግራ መጋባት ቀረ። ሌላው ስሕተቴ ማንቂያውን ክፍት አድርጌ መተኛቴ ነው። ኦክሲጅኔ ሲወርድ እጄ ላይ እየነዘረ ስላነቃኝ፣ ልለካው የፈለግሁትን እንቅልፍ ራሱ መሣሪያው አጠፋው። ለክትትል ሲባል ማንቂያው መዘጋት አለበት። ሽቦውን በፕላስተር መዳፌ ጀርባ ላይ ማጣበቅ፣ አውራ ጣትን ወይም የቀለበት ጣትን መጠቀም፣ ደግሞም በአንድ ሌሊት ብቻ አለመፍረድ የተማርኋቸው ነገሮች ናቸው። ሌሊት ከሌሊት ይለያያል፤ ቢያንስ ሦስት ሌሊት፣ እያንዳንዱም ከአራት ሰዓት ያላነሰ እንቅልፍ ያለው ምዝገባ ያስፈልጋል።

ምዝገባውን ሳየው ዓይኔ መጀመሪያ የሄደው ዝቅተኛዋ ቁጥር ላይ ነበር፤ 74። ስልኬን ዘግቼ ትንሽ ቆየሁ። ኋላ እንደተረዳሁት ግን ዝቅተኛዋ ቁጥር ብቻዋን ከሁሉም ይልቅ አታላይ ናት፤ ሰው ሲገላበጥ ወይም ጣቱ ከመሣሪያው ሸርተት ሲል ቁጥሩ በአንድ ጊዜ ወደ 60ዎቹ ወድቆ በአንድ ጊዜ ይመለሳል፣ የልብ ምቱም መስመር በዚያው ቅጽበት ይቆራረጣል። እውነተኛው የትንፋሽ መቋረጥ መልኩ ሌላ ነው። ቁጥሩ በዝግታ፣ እየተንሸራተተ ለግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ ይወርዳል፤ ትንፋሹ ሲመለስ በፍጥነት ይወጣል፤ የልብ ምት በመውጫው ላይ ይፈጥናል፤ ይህም እየተደጋገመ መስመሩን የመጋዝ ጥርስ ያስመስለዋል። የእኔ መስመር ከአናጢ መጋዝ የሚለይ አልነበረም። በተለይ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ ጥርሶቹ ይረዝሙ ነበር፤ ሕልም የምናይበት የእንቅልፍ ክፍል ወደ ንጋት ስለሚበዛና በዚያን ጊዜ ጡንቻዎች ይበልጥ ስለሚላሉ ነው። ዋናው ቁጥር ግን ኦክሲጅኑ በሰዓት ስንት ጊዜ ወረደ የሚለው ነው። መሣሪያዎች ይህን በ3 በመቶ ወይም በ4 በመቶ መውረድ ስለሚቆጥሩ የትኛውን እንደተጠቀሙ ሳያዩ ሁለት ምዝገባዎችን ማነጻጸር ዋጋ የለውም። የእኔ ሦስት ሌሊቶች በ4 በመቶ ሲቆጠሩ 31፣ 36 እና 34 ነበሩ፤ ከሌሊቱም አንድ አምስተኛ ያህሉን ያሳለፍሁት ከ90 በመቶ በታች ነው።

ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ እስኪደርስ በነበሩት ሳምንታት የቤታችን ደብተር ወደ ቤተ ሙከራ ተለወጠ። በጀርባዬ የተኛሁበትን ሌሊት በጎኔ ከተኛሁበት ጋር አነጻጸርን፤ በጎኔ ስተኛ ቁጥሩ ወደ 19 ወረደ። እንቅልፍ ውስጥ እንዳልገላበጥ ባለቤቴ ትንሹ ልጃችን ከካልሲ የሠራትን የጨርቅ ኳስ ወስዳ በቢጃማዬ ጀርባ ላይ ሰፋችልኝ። (ልጁ ኳሱን እስካሁን ይጠይቀናል።) ከዘመድ ሠርግ ሁለት ብርሌ ጠጅ ጠጥቼ የተመለስሁበት ሌሊት ደግሞ 47 ሆነ፤ ጠጅ በጠጡ ጊዜ የጉሮሮ ጡንቻ ይበልጥ ይላላል፣ አንጎልም ለመንቃት ይዘገያል። በከተማችን ጫት ቅመው ለጨብሲ የሚጠጡ፣ ወይም እንቅልፍ እንቢ ሲላቸው ያለ ሐኪም ትእዛዝ የእንቅልፍ ክኒን የሚውጡ ወዳጆች አሉኝ። ማንንም ለመገሠጽ አይደለም፤ ነገር ግን ትንፋሹ የሚቋረጥበት ሰው እነዚህን ባደረገበት ሌሊት መሣሪያውን አሥሮ ቢተኛ ጠዋት የሚያየው መስመር ከእኔ ምክር ይልቅ ያሳምነዋል።

በመጨረሻ ምዝገባዎቹን ይዤ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የውስጥ ደዌ ክፍል ሄድሁ። ዶክተሩ በመጀመሪያ ስምንት ጥያቄዎች ጠየቀኝ፤ በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቋረጥን ለመጠርጠር የሚጠየቁ፣ ስቶፕ ባንግ የሚባሉት ናቸው። ማንኮራፋት፣ የቀን ድካም፣ ሰው ያየው የትንፋሽ መቋረጥ፣ የደም ግፊት፣ ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ ከ50 ዓመት በላይ መሆን፣ የአንገት ዙሪያ ከ40 ሳንቲሜትር መብለጥ፣ ወንድ መሆን። እኔ ዕድሜዬ 52፣ አንገቴ 43 ሳንቲሜትር ነው፤ ከክብደቱ በቀር ሰባቱን አሟላሁ። ከዚያ ምዝገባውን ሲያይ «ዝቅተኛውን ብቻ ሳይሆን ሌሊቱን በሙሉ ያሳዩኝ፣ መምህር» አለኝ። መስመሩ ሳይወጣ ሳይወርድ ሌሊቱን ሙሉ ዝቅ ብሎ ቢገኝ ኖሮ ከጉሮሮዬ ይልቅ የሳንባ ወይም የልብ ሕመም ይጠረጥር እንደነበር ነገረኝ፤ ቢሆንም የደረት ራጅ፣ የልብ ምርመራና የደም ምርመራ አዘዘ። የደም ማነስንም መመርመሩ ተገቢ ነው፤ መሣሪያው የሚነግረን ያለው ሄሞግሎቢን ምን ያህሉ ኦክሲጅን እንደያዘ እንጂ ሄሞግሎቢኑ ራሱ ይበቃ እንደሆነ አይደለም።

ዶክተሩ ምዝገባዬን አላጣጣለውም፤ እንደ ፍርድ ግን አልተቀበለውም። ለሙሉ የእንቅልፍ ምርመራ ወደ አዲስ አበባ ላከኝ። 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፤ መኪናዬን ግን አልነዳሁም፣ ሕክምናው እስኪጀመርም ከከተማ ውጭ እንዳልነዳ ባለቤቴ ቁልፉን ወስዳብኛለች። በዚያ ምርመራ የአንጎል ሞገድ፣ የአፍንጫ አየር፣ የደረትና የሆድ እንቅስቃሴ፣ የልብና የኦክሲጅን ልኬት አብሮ ይመዘገባል። ውጤቴ በሰዓት 46 መቋረጥ ሆነ። የቤቱ መሣሪያ 34 ያለበትን ምክንያት ጠየቅሁ። አንዳንዱ መታፈን ኦክሲጅኑ 4 በመቶ ሳይወርድ ሰውየውን ያነቃዋል፤ የቤቱ መሣሪያ ይህን አያየውም። ደግሞ እንቅልፍ መተኛቴን ስለማያውቅ ነቅቼ የተጋደምሁበትን ጊዜ ሁሉ እንደ እንቅልፍ ይቆጥርና ቁጥሩን ያሳንሰዋል። ከዚህ የተነሣ የቤት ምዝገባው ጥሩ ሆኖ ተገኝቶ የቀን እንቅልፉና መታፈኑ ያልቀረለት ሰው፣ በተለይ ቀጭን ሰው ወይም ሴት ከሆነች፣ «የለብኝም» ብሎ መደምደም የለበትም። መዘጋቱ ከጉሮሮ ይሁን፣ ወይስ አንጎል የትንፋሽ ትእዛዝ መስጠት ስላቆመ፣ ይህንም የጣት መሣሪያ አይለይም፤ ሕክምናቸው ግን አንድ አይደለም።

ኦክሲጅን ወረደ ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው የኦክሲጅን ሲሊንደር ነው። አንድ ዘመዴም በቅንነት ሊያመጣልኝ ተነሥቶ ነበር። የተዘጋ በር ላይ አየር ቢነፉበት አይገባም፤ ኦክሲጅኑ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ቢችልም መታፈኑ ይቀጥላል፣ በአንዳንድ ሕሙማን ላይም መቋረጡን ያስረዝመዋል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሞከርም። በሌላ በኩል ነቅቶ ሳለ ቁጥሩ ከ90 በታች የሚቆይ፣ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ደረቱን የሚያመው ወይም ከንፈሩ የሚጠቁር ሰው የሌሊት ምዝገባ እየሰበሰበ መቀመጥ የለበትም፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት።

ለእኔ የታዘዘው ሲፓፕ ነው። በአፍንጫ ላይ በሚታሰር ጭንብል በኩል አየር በመጠነኛ ግፊት እየነፋ ጉሮሮው እንዳይዘጋ ይደግፈዋል። ኮሊን ሱሊቫን የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም በ1981 እ.ኤ.አ. ይህን ሕክምና ይፋ ሲያደርግ የተጠቀመው ከአቧራ መጥረጊያ ማሽን በወሰደው ሞተር መሆኑን ሳነብ፣ እንደ ፊዚክስ አስተማሪ ደስ አለኝ። መሣሪያው ውድ ስለሆነ ያገለገለ የሚገዙ ብዙዎች ናቸው፤ የሚገዛ ሰው አምራቹ ኩባንያ ፊሊፕስ በሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. በውስጣቸው ባለው የድምፅ መከላከያ ስፖንጅ ምክንያት በሚሊዮን የሚቆጠሩ መሣሪያዎችን መልሶ መሰብሰቡን አውቆ የመሣሪያውን መለያ ቁጥር ያጣራ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አስቸጋሪ ነበሩ፤ ጭንብሉ ያፈሳል፣ አፍንጫ ይደርቃል፣ ልጆቹ ይስቃሉ። በሦስተኛው ሳምንት ሌሊቱን ሙሉ ለሽንት ሳልነሣ ነጋ።

የቤቱን መሣሪያ አሁን የማስረው በወር አንድ ሌሊት፣ ሲፓፑ ሥራውን መሥራቱን ለማየት ነው። በሰዓት 34 የነበረው ወደ 3 ወርዷል፤ ዝቅተኛዋ ቁጥርም 89 ናት። በዚህ ዓመት በሐምሌ በዝናቡ መብራት የጠፋበት አንድ ሌሊት ምዝገባው ላይ ነበርሁ። መስመሩ እስከ ስምንት ሰዓት ከሃያ ድረስ ሜዳ ነው፤ መብራቱ እንደጠፋ ጭንብሉን አውልቄ መልሼ ተኛሁ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የመጋዙ ጥርሶች ተመለሱ፣ 79 ደረሱ፤ መብራቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሲመጣ ባለቤቴ ቀስቅሳ ጭንብሉን አስለበሰችኝ፣ መስመሩም እንደገና ሜዳ ሆነ። ያንን ወረቀት ለዶክተሩ አትሜ ሰጠሁት። ባትሪ እስክንገዛ ድረስ መብራት በጠፋ ቁጥር የጨርቅ ኳሷ የተሰፋችበት ቢጃማ ከአልጋው ራስጌ ተንጠልጥሎ ይጠብቀኛል።